ከጣት የተረፈው ቃል

"አያቴ፣ የቱን ላስቀር?" አለችኝ ምህረት።

ምህረት የልጄ ልጅ ናት። እዚህ ሆሳዕና አስተማሪ ሆና ከእኔ ጋር ትኖራለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አስቀምጣለች፤ አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀው አሮጌው ነው፣ ሌላው በቅርቡ የገዛችው። ማስታወሻ የምትጽፍበት አፕ በሁለቱም ላይ አለ። አንዱ ላይ የጻፈችው በኔትወርክ ተጉዞ ሌላው ላይ ይደርሳል። መድረስ አለበት ማለቴ ነው። አሮጌው ስልክ ግን ቀይ ምልክት አውጥቶ አንድ ማስታወሻ አላስተላልፍም ብሏል። "ታደለች" የሚል ርዕስ የሰጠችው ማስታወሻ በሁለቱም ስልኮች ላይ አለ፤ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን አንድ አይደለም። አፑም ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ይላታል።

"አዲሱን ላስቀርና አሮጌውን ልተወው? ወይስ አፑን አጥፍቼ እንደገና ልጫነው? ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሲደረግ ይስተካከላል።"

"ያላስተላለፈውስ የት ይገባል?"

አሮጌውን ስልክ አገላበጠችው።

"ምህረት! የት ይገባል ነው የምልሽ?"

"ይጠፋል መሰለኝ።"

"እንግዲያው እጅሽን አንሺ!" አልኳት። ስጮህ ጎረቤት ይሰማል ይሉኛል፤ ይስማ።

አዲሱ ስልክ ላይ ያለው እኔ የነገርኳት ነው። አሮጌው ላይ ያለው ደግሞ አብራኝ ያደገችው ታደለች ራሷ የነገረቻት። ምህረት ለስልጠና ዱራሜ በሄደች ጊዜ ጠይቂልኝ ብያት ቤቷ ገብታ የልጅነታችንን ነገር አስወርታት ጻፈች፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበረ ጽሑፉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ቀረ። ኋላ አነብልሻለሁ እንዳለች ጊዜው ሄደ። ታደለች ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች። አሁን ቃሏ ያለው በዚያ በተሰነጠቀ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

"የቱን ላስቀር" የሚል ጥያቄ ስሰማ ለምን ደሜ እንደሚፈላ የሚገባው ያደግኩበትን የሚያውቅ ሰው ነው።

ያደግኩት ከሆመቾ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ባቆምኩበት ዓመት የአክስቴ የአየለች ባል ሞተ። ልጇ ገና ዳዴ ይል ነበር። የባሏ ወንድም ላምቦሬ ለቅሶው ሳይደርቅ እንሰቷን ፈለገ። በእኛ አገር እንሰት ያለው ሰው ዝናብ ቢቀርም አይራብም። እንሰቱን የተቀማ ሰው ግን ዛሬ ቢጠግብ እንኳ ነገን ይፈራል።

ሽማግሌዎች ዝግባው ስር ተቀመጡ። ነገሩን የያዙት አባባ ኤርሱሞ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ። በመንደሩ ጽሕፈት የሚያውቅ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን "ወረቀት መጨረሻው የአንድ ሰው ሳጥን ነው" ይሉ ነበር። ፍርዱን ለሁለቱ ባለጉዳዮች ብቻ በጆሯቸው ነግረው ሲያበቁ፣ "ከየወገኑ አንዳንድ ሴት ልጅ አምጡልኝ፤ እነሱ ይያዙት" አሉ።

ላምቦሬ ሳቀ። "አባባ፣ ሴት ልጅ ነገ አግብታ ትሄዳለች እኮ።"

"ለዚያ ነዋ። ከመሬቱ የሚደርሳት የለም፤ ለምን ብላ ትዋሻለች?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያኔ እኔም ስቄያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን አያስቀኝም፤ ምንም እንዳይደርሰን የተፈረደብን እኛ የሌላውን ድርሻ ጠባቂ ተደረግን። በአክስቴ በኩል እኔ፣ በላምቦሬ በኩል ልጁ ታደለች።

አባባ ኤርሱሞ ሌላ ሰው በሌለበት ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡን። አናታችን ላይ ቅቤ አደረጉልንና ፍርዱን በአምስት ከፍለው በጣታችን አስያዙን። አውራ ጣት፤ ቤቱና ደጁ የአየለች ነው። ሌባ ጣት፤ እንሰቱ ልጇ እስኪያድግ በእጇ ይቆያል። የመሃል ጣት፤ ድንበሩ የኮሶው ዛፍ ነው። የቀለበት ጣት፤ የላምቦሬ ከብት ከምንጩ ይጠጣል። ትንሿ ጣት፤ ይህን ያፈረሰ ከዘመድ እሳት አይሙቅ።

"አፍ ሲያድር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጣት ግን ቢያድር ስድስት አይሆንም" አሉን። "ይህን ለማንም አትንገሩ፤ ለእናቶቻችሁም ቢሆን።"

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ቤታቸው ጎራ እንል ነበር። ጀርባና ጀርባ አድርገው ያቆሙንና፣ አንዳችን የሌላችንን ከንፈር ሳናይ በየተራ እንላለን። ከተስማማ ባለቤታቸው አተካና ትሰጠናለች። ያ ከወተትና ከቅቤ ጋር የበሰለ ቡላ ትኩስ ሲሆን ምላስ ያቃጥላል፤ እኛ ግን ሳይበርድ ነበር የምንጨርሰው። ታደለች ማንኪያውን እየላሰች "አንቺ የምትይው እኮ እኔን ሰምተሽ ነው" ትለኛለች። "አንቺ ነሽ!" እላታለሁ። እስከ ወንዙ እየተጓተትን እንሄድና እዚያ እንለያያለን።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ወሰደው። አባባ ኤርሱሞ አልጋ ያዙ። አክስቴም በሀቢቾ በኩል ዘመድ ሞቶባት ልጇን አዝላ ሄደች፤ መንገዱ ስለጠፋ እዚያው ከረመች። ያን ጊዜ የእንሰቱን ቦታ የሚያይ ሰው አልነበረም። ነፋሱ ቅጠሉን እየሰነጠቀ ሲያንኳኳው ሰው የሚሄድበት ይመስል ነበር።

አንድ ምሽት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከወንዙ ማዶ የላምቦሬን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ነገር ይላል፤ ቀጭን ድምፅ ይከተለዋል። እንደገና ይላል፤ ይከተለዋል። በማግስቱም እንደዚያው። እናቴ "ጸሎት ነው፣ ግቢ" አለችኝ። ዝናቡ ቃሉን ስለሚውጠው የሚሉትን አልለይም፤ ግን ጸሎት "ድገሚ!" እየተባለ በቁጣ አይደገምም።

መስከረም ጠብቶ አክስቴ ስትመለስ ትልልቆቹ እንሰቶች ወገባቸው ላይ በገጀራ ምልክት ተደርጎባቸው አገኘች። የሚወድቁበት ቀን ተቆርጦላቸዋል ማለት ነው። "ምንድነው ይሄ?" ስትል ላምቦሬ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። "ጥለሽው ሄደሻል። ፍርዱ እንደዚያ ነበር" አላት።

እንደገና ዝግባው ስር ተሰበሰቡ። አባባ ኤርሱሞን በቃሬዛ አመጧቸው፤ ምላሳቸው ተይዞ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በእሳቸው ቦታ አቶ አኑሎ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀመጡ። ታደለችን አስነሷት። የአባቷን ጋቢ ለብሳ እጇን ከውስጥ ሸሽጋ ቆመች። ፍርዱን እንደ ወራጅ ውሃ አለችው፤ አንድ ቦታ አልተደናቀፈችም። መጨረሻ ላይም፣ "ሴትዮዋ ደጁን ጥላ ከሄደች እንሰቱ የላምቦሬ ይሆናል" አለች።

አክስቴ ልጇን አጥብቃ ያዘችው፤ ጨነቀውና አለቀሰ።

ተራው የኔ ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ከማንም ጋር ሳላስተያየው ብቻዬን ስለው የከረምኩት ቃል ሰው ፊት ሲወጣ ተሰባበረ። ጀመርኩ፣ ቆምኩ፣ እንደገና ጀመርኩ።

ላምቦሬ ብድግ አለ። "አይታችኋል፤ የልጄ ቃል ትኩስ ነው። የዚህችኛዋ ሻግቷል። ትኩሱን ያዙና የሻገተውን ጣሉ።"

አቶ አኑሎ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ነገሩ ሊያልቅ ነው። የአክስቴን ፊት አየሁት፤ የሞተ ሰው ፊት ነበር።

"አይጣልም!" አልኩ።

"አንቺ ልጅ! በሽማግሌ መሃል?"

"ሁለታችንም እንበለው። አንድ ላይ፣ ቀስ ብለን። የምንለያይበት ቦታ ይታይ።" ከዚያም ጮህኩ፤ "ታደለች፣ ጣትሽን አውጪ!"

እጇ ከጋቢው ወጣ።

በአውራ ጣት ተስማማን። በሌባ ጣትም፣ በመሃል ጣትም ተስማማን። የቀለበት ጣት ላይ ስንደርስ እሷ "የላምቦሬ ከብት ከምንጩ ይጠጣል" አለች፤ እኔ ግን ጣቴን ዘርግቼ ቃል አጣሁለት። ክረምቱ ከእኔ የበላው ያንን ነበር። በትንሿ ጣት እርግማኑን አብረን አልን። ከዚያ ታደለች አፏን ለስድስተኛው ከፈተች፤ እጇን አየች። የሚይዝላት ጣት አልነበረም። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ቃሬዛው ላይ የአባባ ኤርሱሞ ዓይን በውሃ ተሞልቶ ነበር።

"የከብቱ እውነት ነው" አልኩ። እናቴ ከኋላ ቆነጠጠችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። "እኔ ረስቼው ነው። ከብቱ ይጠጣ፣ እንሰቱ ግን አይነካ።" የእኔ ቃል ብቻ ቢያዝ ኖሮ ላምቦሬ ውሃውን ይነጠቅ ነበር። የእሷ ብቻ ቢያዝ አክስቴ ሜዳ ላይ ትወድቅ ነበር።

አቶ አኑሎ "ጣት የያዘው ሁሉ ይጽና፣ ከጣት የተረፈው ይውደቅ" ብለው ፈረዱ።

ላምቦሬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን ከልጁ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ አነሳና ለሰስ ባለ ድምፅ "ነይ፣ እንሂድ" አላት። ወደ ወንዙ ሲወርዱ ከኋላው የምትሄደው ታደለች አንዴም አልዞረችም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ዱራሜ አጠገብ ላለ ሰው ተዳረች። ከዚያ በኋላ የተገናኘነው ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ነው፤ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። አክስቴ ግን እንሰቷን ይዛ ልጇን አሳደገች።

ይህን ለምህረት እስከዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። "በሁለቱም ላይ ያለውን መጀመሪያ በየቦታው ያዢ፤ ከዚያ በኋላ አስተያዪ" አልኳት። ሥራውን የምታውቀው እሷ ናት። የአሮጌውን ስልክ ዳታም ዋይፋይም ዘጋች፤ ኔትወርክ ካገኘ አዲሱ በላዩ ላይ ሊጻፍበት ይችላል አለችኝ። ማስታወሻውን ከፍታ እያንዳንዱን ገጽ በአዲሱ ስልክ ፎቶ አነሳችው። ጽሑፉን ደግሞ ቀድታ፣ ፋይል አድርጋ፣ በኬብል ወደ ላፕቶፗ አሳለፈችው። የአዲሱንም ጨምራ እዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አንዱን "የአያቴ"፣ አንዱን "የታደለች" አለችው። መብራቱ ሄደ፤ ላፕቶፑ ግን ባትሪ ነበረው።

"አሁን አንብቢልኝ።"

አነበበች። ዝግባው አለ፣ ቅቤው አለ፣ አተካናው አለ። "የምትለው እኔን ሰምታ ነው" የሚለውም አለ፤ ሳቅኩ። ከዚያ ያ ቀን ላይ ደረሰች።

"እሷ 'ጣትሽን አውጪ' ብላ እንደጮኸች ነው የምታወራው አሉ" ይላል ጽሑፉ። "ጩኸቱ የእሷ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው። እሷ ሳትጮህ ነው ያወጣሁት። ከወጣ በኋላ አይታ ጮኸች። ስድስተኛው ቃል ጣት እንደሌለው ክረምቱን ሙሉ አውቅ ነበር። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝንም አውቅ ነበር። ያን ማታ አባቴ"

ምህረት ቆመች።

"ቀጥዪ።"

"እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝ። በኋላ አስታውሼ እጨምርበታለሁ ብዬ..."

"ምን ነበር ያለችሽ?"

"አላስታውስም፣ አያቴ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። የዘረጋሁትን እጄን አየሁት፤ ጣቶቼ ጠምመዋል። ማን ቀደመ፣ እጇ ወይስ ጩኸቴ? ለዚያ አባባ ኤርሱሞ ጣት አልሰጡንም፤ ዝግባው ስር ከነበሩት ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራው ቀድሜ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። አሁን አላውቅም።

"እንግዲያው የቱ ነው ትክክሉ?" አለች ምህረት።

"ሁለቱንም ያዢ። የእሷን ግን ከላይ አድርጊው።"

"መጨረሻውን ልሙላው? መታኝ ብላ ይሆናል። ወይም..."

"አትሙዪው!"

ያን ቀን የቀለበት ጣቴ ባዶውን ሲቀር የሞላችልኝ ታደለች ነበረች። የእሷን ባዶ ግን የሚሞላላት የለም። ምህረት ከቃሉ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ተወችለትና ማስታወሻውን ዘጋችው።