ዙሀይራና የገብሷ ፍሬ

ዘጠና ሰባት ነበር እላለሁ። የምርጫ ፖስተር በየግድግዳው ተለጥፎ እንደነበር ትዝ ይለኛልና። ግን ፖስተሩ ካለፈው ምርጫ የተረፈ፣ ዝናብ ያጠበው አሮጌ ሊሆንም ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ዓመቱን አላውቀውም። ብርዱን ግን አልጠራጠረውም። ዙሀይራ ጣቶቿን ከፕሪንተሩ ጀርባ በሚወጣው ሙቀት እያሞቀች ነበር የምትሠራው።

ዙሀይራ የጎባ ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ታይፕ ተማረች፤ ኮምፒዩተር ሲመጣ ወደ እሱ ዞረች። የሥዕሉን ፕሮግራም ያስተማራት ሰው የለም፤ እየነካካች ነው የለመደችው። ሮቤ ገበያ መውረጃ ላይ በአንዲት ክፍል ውስጥ የሠርግ ካርድና የሱቅ ታፔላ ትሠራለች። ዲዛይነር የሚባለውን ቃል በከተማችን መጀመሪያ የሰማሁት ስለ እሷ ሲወራ ነው።

ያን ጠዋት የትምህርት ቤታችንን የምስክር ወረቀት ላሠራ ተራ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ኦቦ ዋቆ የሚባሉ የሃረና ሽማግሌ ካርዳቸውን ሊወስዱ ገቡ። ጎባ ሆስፒታል ለወራት ተኝተው ድነዋል፤ ለምስጋናው ዘመድ አዝማድን ለዱዓ ሊጠሩ ነው። ካርዱ ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ ተጽፏል። የእህታቸው ልጅ ሱልጣን አይሱዙውን ደጅ አቁሟል፤ ካርዱን ይዞ ወደ ሃረና የሚወርደው እሱ ነው፣ ጭነቱ ደግሞ ከቀትር በፊት መነሳት አለበት።

ሱልጣን አንዷን ካርድ ብድግ አድርጎ አነበበና መሳቅ ጀመረ።

«ኤሱማ» አላቸው አጎቱን፣ «ሰዉን የጠሩት ለመቼ ሞትዎ ነው?»

በኦሮምኛ ጸሎት ዱኣኢ ነው። በካርዱ ላይ መጨረሻዋ ተቆርጣ ዱኣ ሆናለች፤ ዱኣ ደግሞ ሞት ነው። ዙሀይራ ካርዱን ተቀብላ አየችውና ፊቷ ተለወጠ። ናሙናውን እሷው ነበረች ያነበበችው። አማርኛ ስንናገር ጸሎትን ዱዓ እንላለን፤ ዓይኗ በአማርኛ አንብቦ አሳልፎታል።

«ከታች አማርኛው ያስረዳል» አልኩ እኔ።

«ሃረና ማን እታች ድረስ ያነባል?» አለ ሱልጣን። «ላይኛውን ሲያዩ ነው እሪ የሚሉት። የእናቴ ልብ ደግሞ ደካማ ነው፣ ሳትጨርሰው ትወድቃለች።»

ኦቦ ዋቆ አልሳቁም። «እህቴ ስታለቅስልኝ ከረመች፣» አሉ ቀስ ብለው። «ደግማ እንድታለቅስ አልፈልግም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«አታለቅስም፣ አባ» አለች ዙሀይራ።

ስክሪኑ ላይ ቃሉ ሙሉ ነው። ከፕሪንተሩ ሲወጣ ተቆርጧል። ገመዱን ነቅላ ሰካች፤ ያው ነው። ማሽኑን አጥፍታ አስነሳች፤ ያው። የፊደሉን ዓይነት ለወጠች፤ ያው። በእያንዳንዱ መሀል አንድ ወረቀት ታወጣለች፣ ታያለች፣ ታስቀምጣለች።

«ሁሉንም ባንዴ ለዋውጪውና እንገላገል እንጂ» አለ ሱልጣን።

«ሁለት ነገር ባንዴ ከለወጥኩ የትኛው እንዳዳነው አላውቅም።»

«ሐኪሙም እንዲህ ነበር ያደረገኝ» አሉ ኦቦ ዋቆ። «አንዱን መድኃኒት አስቁሞ ሌላውን። ተዋት።»

ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል ድምፁን ቆረጥ የምታደርግ ትንሽ ጭረት አለች፤ ሁዻ ትባላለች። ዙሀይራ እሷን ጠረጠረች። ሁዻ ያለበትን ረኤ የሚለውን ቃል ጻፈች፤ ፍየል ማለት ነው። ሙሉ ሆኖ ወጣ።

«ፍየሏ ደህና ናት» አለ ሱልጣን።

ቀጥሎ ካኢ ብላ ጻፈች፤ ተነስ ማለት ነው። ካ ብቻ ወጣ።

«ተነስ ብትይውም አልነሳም አለ?» አሉ ሽማግሌው፤ ያን ጊዜ ሳቁ።

እሷ ግን አገኘችው። ሁዻን ተከትሎ ኢ ሲመጣ ነው የሚጠፋው። ያን ሰሞን የጫነችው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ለራሱ ትእዛዝ መስሎት ይውጣቸዋል። ፕሮግራሙን እንዳታወጣው የታችኛው አማርኛ አብሮ ይበላሻል። ደጅ አይሱዙው ጥሩንባውን ነፋ፤ ረዳቱ መሆን አለበት።

ዙሀይራ እጆቿን አሞቀች። ከዚያ ያቺን ጭረት ሰረዘቻትና በቦታዋ በማውሱ ሣለቻት። አነስ ያለች፣ መሀሏ ወፈር፣ ጫፏ ሾል ያለች፤ ልክ የገብስ ፍሬ።

«ማሽኑ ፊደሉን ይውጣል እንጂ ሥዕል አይበላም» አለች።

ወረቀቱ ወጣ። አሁን ግን ዓይኗን አላመነችውም። አማርኛዋን ላለመስማት ይመስለኛል፣ ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ወደ ኋላ እየቆጠረች አነበበችው። ከዚያ ለኦቦ ዋቆ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በጣታቸው እየተከተሉ «ዱ... ኣ... ኢ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ሱልጣን ሲወጣ፣ «ኤሱማ፣ እንግዲህ መሞት ቢያምርዎ አዲስ ካርድ ያስፈልግዎታል» አላቸው። በኋላ እንደነገረኝ እናቱ ካርዱን ስማ ትራሷ ሥር አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ በሮቤ የዙሀይራን ሥራ በሁዻዋ አውቀዋለሁ። በፋርማሲው ታፔላ፣ በወፍጮ ቤቱ በር፣ በሠርግ ካርዶች ሁሉ ላይ ያቺ የገብስ ፍሬ ትታያለች። ማሽኑ ተቀይሯል፣ ፕሪንተሩም እንዲሁ፤ ፊደል የሚውጥ ፕሮግራም ቀርቷል። እሷ ግን ሁዻን እስካሁን አንድ በአንድ በእጇ ትሥላለች። ከሥራው ማማር ጋር ያን ሁሉ ትዕግሥት ሳስብ እደነቃለሁ፤ ለምን ዛሬም በእጇ እንደምትሥላት ግን አላውቅም።

በቀደም ከጎባ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጣ አገኘኋት። ሽበት ጀምሯታል። ስለ ኦቦ ዋቆ ጠየቅኳት።

«አሉ» አለችኝ ዞር ብላ እየሳቀች። «አርጅተዋል። ሱልጣን አሁንም ያቺን ካርድ እያነሳ ያበሽቃቸዋል።»

«ዙሀይራ፣ ያቺ ሁዻ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ወራጅ አለ» አለች ለረዳቱ። ሻሿን አስተካክላ፣ «በሉ ደህና ይሁኑ፣ መምህር» ብላኝ ወረደች፤ ረዳቱም በሩን ዘጋው።