በ«ፉ» የሚጀምር ዘፈን ፍለጋ

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከምኖርበት ሰፈር ከሳድል ሪጅ ተነሣን። ቫኑን የሚነዱት ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ናቸው። መድረሻችን ዳውንታውን፣ ቻይናታውን ዳር ያለ አንድ የካራኦኬ ቤት ነው። ርቀቱ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ እኔ ግን አገር አቋርጦ እንደሚሄድ ሰው ከንጋት ጀምሮ ስቁነጠነጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ሃያ የነበረው ብርድ፣ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ገብቶ ለቀቀን። ከየጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፤ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጋሽ ታደሰ መስኮት ከፍተው፣ «ይኼ ጥሩ ምልክት ነው» አሉኝ።

በመንገዳችን ከአቢዴል ሰፈር የምንወስዳቸው ሚቺኮና ኬንጂ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ናቸው። እኔ የሆም ኬር ሠራተኛ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት ሚቺኮን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ቤታቸው እየሄድኩ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። የሚባለው ሁሉ ይገባቸዋል፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። ቀኝ እጃቸውም አይታዘዝም። ሰው እንዲያያቸው ስለማይፈልጉ፣ ከሐኪም ቤት በቀር ከደጅ ወጥተው አያውቁም።

ኬንጂ እንደነገሩኝ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ካራኦኬ ሳይሄዱ አይውሉም ነበር። የሚሄዱበት ቤት የጃፓንኛ ዘፈኖች መዝገብ አለው። መዝገቡ የተደረደረው በርዕሱ የመጀመሪያ ድምፅ ነው፤ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ብሎ ይነሣና ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይወርዳል። ሚቺኮ ከዚህ ጨዋታ አወጡ። በየሳምንቱ አንድ ድምፅ፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምር አንድ ዘፈን፤ መዝለል የለም። ከአ ተነሥተው ሂ ላይ እንደደረሱ ታመሙ። ተራው የፉ ነበር።

የንግግር ባለሙያዋ መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሰዎች መዝፈን እንደሚችሉ ለኬንጂ ነግራቸዋለች። ኬንጂም ሦስት ጊዜ «እንሂድ» አሏቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሚቺኮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኬንጂ ኪችን ድረስ ተከትለውኝ መጥተው፣ «ከዚያ ከፍቷት ከተመለሰች ሁለተኛ አልጠይቃትም» አሉኝ።

ለብቻቸው እንዳይጨነቁ እኔም አብሬ ልዘፍን ቃል ገብቻለሁ። ኬንጂ ስለ ክረምት የሚያወራ አንድ የቆየ ዘፈን መረጡ። ርዕሱ «ፉዩ» ብሎ ይጀምራል፤ ክረምት ማለት ነው። ግጥሙን ቀስ እያሉ ሲሉልኝ በስልኬ ቀዳሁና በአማርኛ ፊደል ጻፍኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲ-ትሬን በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ሳጉተመትም አንዲት ሴትዮ ቦታ ቀይራብኛለች። በሰው ፊት ዘፍኜ የማላውቅ ሰው ነኝ።

በቫኑ ውስጥ

ጋሽ ታደሰ ዛሬ ዊልቸር የሚገባበት ቫን ይንዱ እንጂ፣ ደሴ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምረዋል። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ኬንጂ ነግረውኝ በአማርኛ ፊደል የጻፍኩትን የድምፆች ዝርዝር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወረዱ።

«ሂሩት፣ ይኼ እኮ የኛው ገበታ ነው!» አሉ። በጣታቸው ተከትለው ወረዱና አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። «ቆይ፣ ሃ፣ ሂ ካለ በኋላ ፉ ምን አመጣው? ሁ የት ሄደ?»

«እኔም አላወቅሁም፣ ጋሼ። እርስዎ ይጠይቋቸው» አልኳቸው።

ከኋላ መኪና ጡሩምባ ነፋብን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።

አቢዴል ስንደርስ ሚቺኮ ኮታቸውን ለብሰው በዊልቸራቸው በር ላይ እየጠበቁ ነበር። ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተዋል። በግራ እጅ ስለሆነ ትንሽ ዘሟል፤ ግን ማንም እንዲያስተካክልላቸው አልፈቀዱም። ጋሽ ታደሰ ዊልቸሩን አሳፍረው ካሰሩ በኋላ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው።

ሜሞሪያል ድራይቭን ይዘን ወደ ምዕራብ ነዳን። ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞ መሐሉን ይፈስሳል፤ ማዶ የዳውንታውን ፎቆች በፀሐይ ያብረቀርቃሉ። የአንበሳ ሐውልት ያለበትን ድልድይ ስንሻገር ሚቺኮ የኬንጂን እጅ ሲይዙ በመስታወት አየሁ።

በካራኦኬው ክፍል

ክፍሉ በሰዓት ሠላሳ ዶላር ነው፤ ጠባብ ነው፣ ሶፋው ቀይ ነው፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። አሁን ዘፈን የሚመረጠው በታብሌት ቢሆንም የቤቱ ባለቤት ሚቺኮን ስታይ የድሮውን ወፍራም መዝገብ ከጓዳ ይዛ መጣች። ጾም ስለነበር ለእኔና ለጋሽ ታደሰ ከነልጣጩ በጨው የተቀቀለ የአኩሪ አተር እሸት አዘዝን። ጋሽ ታደሰ እንደ ባቄላ እሸት እየፈለፈሉ አንድ ሳህን ብቻቸውን ጨረሱ።

ኬንጂ የፉን ገጽ ገለጡ፤ ዘፈኑን መርጠው ማይኩን በሚቺኮ ግራ እጅ አስያዙ። ሙዚቃው ተነሣ። ሚቺኮ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ የለም። ግጥሙ በቴሌቪዥኑ ላይ እየበራ አለፈ፤ ሁለተኛው ስንኝ መጣ፤ እሱም አለፈ። ኬንጂ በከንፈራቸው ብቻ ያግዟቸው ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ ሚቺኮ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ኮታቸውን በጣት አሳዩ።

ኬንጂ ኮቱን ሊያመጡ ተነሡ። ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣሁና በእንግሊዝኛ፣ «ሁለት ሳምንት ለፍቼበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልዝፈነው» አልኳቸው። መልስ ሳልጠብቅ በታብሌቱ ዘፈኑን እንደገና ከፈትኩት።

የዘፈንኩት አሳፋሪ ነበር። «ፉዩ» ስል ጥርሴን ከንፈሬ ላይ ተክዬ፣ እኛ «ፉጨት» ስንል እንደምናደርገው «ፉ»ን አጠንክሬ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ ጠረጴዛው ተመታ። ሚቺኮ በግራ እጃቸው መትተውታል። ፊታቸው ተቆጥቷል። አገጬን ያዙና የታች ከንፈሬን በአውራ ጣታቸው ከጥርሴ አላቀቁት። ከዚያ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው እፍ አሉ።

ሞከርኩ። አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም አይደለም። ጋሽ ታደሰም ከሶፋው ማዶ ሆነው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ይሞክራሉ። የእሳቸው በሁ እና በፉ መሐል የሆነ ድምፅ ነበር፤ ሚቺኮ ወደ እሳቸው ዞረው ጣታቸውን አነሡ፤ እሱ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ፉ» አሉ። ትንፋሽ ብቻ አልነበረም፤ ድምፅ ነው። ቀጥሎም እንዳልገባው ተማሪ እየጠበቁኝ፣ «ፉዩ» አሉኝ።

ኬንጂ ኮቱን እንደያዙ በሩ አጠገብ ደርቀው ቀሩ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለስኩት። ሚቺኮ ዘፈኑ። አንዳንዱን ቃል ዋጡት፤ ሁለተኛው ስንኝ ጠፋባቸው፤ አዝማቹን ግን ምንም ሳያጎድሉ አወጡት። ኬንጂ ማዜም ጀምረው ለቅሶ አቋረጣቸው፤ ሚቺኮም በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ጋሽ ታደሰ ሳህኑን እየመቱ ያጅቧቸው ነበር። ኮቱ ሳይለበስ የክፍሉን ኪራይ አንድ ሰዓት ጨመርን።

መልስ

ስንመለስ ንግግሩ ሁሉ መጥቶላቸው ነበር ማለት አልችልም። ቫኑ ውስጥ የባላቸውን ስም ሊጠሩ ሞከሩ፤ አልወጣም። ኬንጂ ግን «ስሜ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይደርሳል» አሉ። አቢዴል ስናወርዳቸው ጋሽ ታደሰ ለሚቺኮ ሁ የት እንደሄደ እንደገባቸው፣ ፉ ውስጥ እንደተደበቀ አስረዷቸው፤ በእንግሊዝኛና በእጅ ምልክት። ሚቺኮ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቤቴ ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ነፋሱ አሁንም ሞቃት ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ስምንት ወር ሙሉ ሚቺኮ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቶሎ ብዬ «ውሃ ነው? ብርድ ልብስ ነው?» እያልኩ ቃሉን ስቀማቸው ኖሬያለሁ። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው፤ ደግነት መስሎኝ። የዚያን ቀን አንደበታቸውን የፈታው ግን የእኔ እርዳታ አይደለም፤ ስሕተቴ ነው። የሚታረም ሰው አገኙ፤ ለማረምም ድምፅ አስፈለጋቸው። ሰኞ ሺፍቴ ላይ ሁለት ሹራብ ይዤ ፊታቸው ቆምኩና የቱን እንደሚፈልጉ እስኪነግሩኝ ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ ነው የፈጀው። እኔም አልገመትኩላቸውም፣ እሳቸውም አልቸኮሉም፤ በመጨረሻ ግን ሰማያዊውን ራሳቸው ጠሩት።