ጋሽ ሸምሱ በራፋችን ላይ የተቀመጡ ዕለት

ሰሞኑን በእሪ በከንቱ ሳልፍ፣ ግማሹ የፈረሰ አንድ የጭቃ ግድግዳ ዝናብ መትቶት ከውስጡ የድሮ ጭድ ሽታ ወጣ፤ ያ ሽታም ሳላስበው ዶሮ ማነቂያ ወዳደግኩበት ግቢ፣ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዘመን መለሰኝ።

ጋሽ ሸምሱ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቃቸው ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ለስላሳ ሰው ነበሩ፤ ለእኛ ሰፈር ግን ከሁሉ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ስብሰባ ሲወርዱ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ይነሳሉ፣ እኛ ልጆችም ኳሳችንን በእግራችን ረግጠን እስኪያልፉ እንቆማለን። ጠፍቶ የሰነበተ የቧንቧ ውሃ በተመለሰ ቁጥር የሰፈሩ ቀልደኞች «ጋሽ ሸምሱ አስነጥሰው መሆን አለበት» ይሉ ነበር፤ እነሱ ይቀልዱ እንጂ እኔ በሙሉ ልቤ አምን ነበር።

አንድ ክረምት የቤታችን የጓሮ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ ሆዱን ገፋ። እናቴና ጨቅላዋ እህቴ የሚተኙት እሱ ሥር ነው። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት እንኳ ያስፈራል፤ ፈቃዱ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ላይደርስ ይችላል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄደች። መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱትና «ነገ ይጀመር» አሉ።

«ፈቃዱስ ጋሼ?»

«እኔ አለሁ።»

በማግስቱ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡና ዱካ አስወጥተው በራፋችን ላይ ተቀመጡ። የሰፈሩ ጎረምሶች ከጓሮ ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካሉ፣ እሳቸው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጡ።

«ማን ፈቅዶ ነው የሚሠራው?»

«የምክር ቤት አባል ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ሳይነሱ።

«ወረቀት አለዎት?»

«ግድግዳው ወረቀት እስኪመጣ አልጠብቅም አለኝ፣ ልጄ።»

ሁለቱ ተያዩ። «በእርስዎ ኃላፊነት ነው እንግዲህ» ብለው ሲሄዱ፣ ሰማዩ ራሱ ለጋሽ ሸምሱ ዝቅ ብሎ እጅ የነሳ መሰለኝ።

ሲመሽ እናቴ ሥልጣናቸውን እያነሳች ስትመርቃቸው አንገታቸውን ደፉ። «ምን ሥልጣን አለኝ እናቴ? በስብሰባ እጅ አውጡ ሲሉን አወጣለሁ፣ አውርዱ ሲሉን አወርዳለሁ። ቢያፈርሱት ኖሮ አብሬሽ ከማዘን በቀር ምንም አልችልም ነበር።» እናቴ አላመነቻቸውም። ጠዋት ለጎረቤቶቿ «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ይደብቃል» ስትል ሰማኋት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ፈራኋቸው።

ዛሬ ሰፈሩ የለም፤ ጋሽ ሸምሱም አርፈዋል። እኛ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖራለን። ባለፈው ወር የደረጃችን መደገፊያ ብረት ተነቅሎ ለልጆቹ ስለሰጋን ነዋሪዎች ተሰበሰብን፤ ለተመራጫችን እንንገር ሲባል አንድ ጎረቤታችን ጉዳዩ የምክር ቤት ተመራጭ ሥልጣን እንዳልሆነ በዝርዝር አስረዳን። ልክ ነው፤ እኔም አንብቤ አውቀዋለሁ። እናቴ ግን እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ «ለመሆኑ የመረጥነው ሰው ቤቱ የት ነው?» አለች።

እርስ በርስ ተያየን። የሚያውቅ አልነበረም።