ሄዶ የሚመለስ አውሮፕላን

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቦታው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቀው የባሌ ቤት። ስሙን አልጽፍም፤ ብጽፍለት ደስ ይለዋል። ዛሬ ሸብቶ በየለቅሶው ድንኳን ከፊት ይቀመጣል። «በዚያ ዘመን ያልተበደለ ማን አለ?» እያለ ሲያወራ ሰው ራሱን ይነቀንቅለታል። እኔ አልነቀንቅለትም።

ወንድሜ መርከበኛ ነበር። ከአንድ ጉዞው ሲመለስ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገጠም ጥቁር የጨዋታ ሣጥንና ሦስት ካሴት አመጣልኝ። ለእኔ ነው ያመጣው፤ ለባሌም ለዋርሳዬም፣ ለዚያ ለባሌ ወንድም፣ አይደለም። ይህን የምለው በኋላ «የቤቱ ዕቃ ነው» የሚል ስለተነሣ ነው።

ሁለቱ ካሴቶች ይህን ያህል የሚወራላቸው አልነበሩም። አንዲት ነጥብ ከግድግዳ ግድግዳ ስትነጥር ትውላለች፣ በቃ። ሦስተኛው ግን የጦር አውሮፕላን ነበር። ከመርከብ ላይ እነሣለሁ። የመጫወቻውን ዘንግ ወደ ጎን ስጫነው ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር አብሮኝ ያዘነብላል። ሩቅ የነበረች ነጥብ እያደገች እያደገች መጥታ የጠላት አውሮፕላን ትሆናለች። እየቆየ ይመሻል፤ ጀንበር ትጠልቅና ባሕሩ ይጠቁራል፤ ነዳጁ ያልቃል።

ያ ካሴት ከአቅሙ በላይ የተመኘ ነበር። እስከ ዛሬ የማከብረውም ለዚህ ነው። ሣጥኑ ያን ሁሉ መሸከም አልቻለም። የጠላት አውሮፕላን ሲበዛ ምስሉ ይርገበገባል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ይጠፋል። የሞተሩ ድምፅ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ተርብ ይመስላል። ቢሆንም የሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያች ጠባብ የቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ ሰማይ ሊሰጠኝ ፈልጓል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለስን ጨምሮበታል። የፈለግሁትን ያህል ብመታ፣ ያችን ክር የምታህል መርከብ ፈልጌ ካላረፍሁባት ሁሉም ከንቱ ነበር።

ማሳረፉን ማንም አላሳየኝም። አባቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ እያመላለሰ ነው ያሳደገን። ወደ ዳር ስንቃረብ መቅዘፉን ቀደም ብሎ ይተወዋል፤ ዓይኑን ዳር ካለው ዛፍ ላይ ይተክላል፤ ከዚያ ውኃው ራሱ ያስጠጋናል። እኔም መርከቧን ሳይሆን ከመርከቧ ማዶ ያለውን መስመር እያየሁ ዘንጉን ቀድሜ ለቀቅሁት። አውሮፕላኑ ዐረፈ። ዋርሳዬ ግን እስከ መጨረሻው ስለሚገፋ ሁልጊዜ ባሕር ይገባል። በዚህ ጠመደኝ።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር። ልጆቹ ሲለቀሙ ከቀበሌው ሰዎች ጋር እየዞረ በር የጠቆመው ዋርሳዬ ነው። እሱና ልጁ እኩዮች ነበሩ። ልጁ ሄደ፣ እሱ ቀረ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

አንድ ቀን እኚህ እማማ ወንፊት ሊዋሱ መጥተው እኔ ስጫወት ደረሱ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«ጨዋታ ነው እማማ። የእውነት አይደለም።»

«የእውነት አለመሆኑንማ አያለሁ። እንዲህ እንደ ጥንዚዛ የሚጮህ አውሮፕላን የት አለ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ፣ «ይመለሳል?» አሉኝ።

«ካወቁበት ይመለሳል።»

«እስቲ መልሽው።»

መለስሁት። ወንፊቱን ረስተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት ይመጡ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሣ እሳቸውም መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው ብድግ ይላሉ። «በሰላም ግባ» ይሉታል። ከዚያ ይቀመጣሉ፤ እስኪያርፍ ድረስ ግን ውኃም ጠላም አይቀምሱም። የቀዳሁላቸውን ጠላ ከወንበራቸው ሥር ያኖሩታል። ሲያርፍ ያነሡትና እስከ አተላው ይጠጡታል። አንድ ጊዜ፣ «እማማ፣ ልጅዎ እኮ እግረኛ ጦር ነው» አልኋቸው።

«ይህን አጣሁት እንዴ? በእግሩ ነው የሄደው። እኔ ሄዶ የሚመለስ ነገር ልይ ብዬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስጫወት ከመምታቱ ይልቅ ለማሳረፉ እጠነቀቅ ጀመር። መጀመሪያ ካነሣኋት ከዚያች ቅዳሜ በቀር እሳቸው ፊት አንድም ጊዜ አልወደቀብኝም።

ያች ቅዳሜ ዋርሳዬ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። በጨዋታው ውስጥ መሽቷል፤ ነዳጁ ሊያልቅ ነው፤ መርከቧ ገና መታየቷ ነው።

«ተነሽ እቴ፣ እንግዳ ይጫወት።»

«ላሳርፈውና።»

«ማረፍ ምን ያደርጋል? ጦርነት እኮ ነው!» ጓደኞቹ ሳቁ። ዘንጉን ከእጄ መነጨቀው።

«እባክህ የኔ ልጅ፣ እሷ ታስገባው» አሉ እማማ።

ዞሮ አያቸው። ከወንበሩ ሥር ያለውን ሙሉ ጠላም አየ። ነገሩ ገባው። እስኪያርፍ እንደማይጠጡ ከባሌ ሰምቶ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅሁት።

«አሃ! ልጅሽ ነው ለካ የሚያበረው?» አላቸው። አንቺ ነው ያላቸው፣ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት። ዘንጉን ወደ ፊት ደፋው። ባሕሩ መስታወቱን ሞላው። «ይኸው፣ ልጅሽ ሰመጠ!»

ተሣቀ። ባሌ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። እየሣቀ፣ «ቀልዱን ነው እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ።

እማማ ጎንበስ ብለው ጠላውን አነሡና እንደሞላ በእጄ ሰጡኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አላለቀሱም፤ አልተራገሙም። ቢራገሙ ይሻለኝ ነበር።

በደሉ በዚያ ቢያበቃ ምናልባት ዛሬ ብዕር አላነሣም ነበር። ዋርሳዬ ግን ታሪኩን ገልብጦ አወራው። «ሴትየዋ እኮ የቴሌቪዥኑ አውሮፕላን ውስጥ ልጇ ያለ መስሏት!» እያለ ሠፈሩን አሳቀ። መንግሥት ተለወጠ፣ እማማም ሞቱ፤ እሱ ግን ሰርግ ቤት ሞቅ ሲለው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እውነቱን ያልሰሙ ልጆችም ይሥቃሉ። ሐሰት ነው። ያች ሴት ጨዋታ ምን እንደሆነ ከእሱ የበለጠ ያውቁ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ጨዋታና እውነት የተምታታበት ሰው ቢኖር፣ የጎረቤቱን ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ጠቁሞ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ በሞቱ የሚቀልደው እሱ ነበር።

ልጁ አልተመለሰም። ይህን ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያያይዝ ቢኖር፣ በሩን የጠቆመውን ሰው ሄዶ ይጠይቅ።

በዚያች ቅዳሜ ማግስት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ጠቅልዬ አዘልሁት። ሣጥኑን በዘንቢል ይዤ እማማ ቤት ገባሁ። ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ገጣጠምሁና አስነሣሁት። ብድግ አላሉም፤ ወደ መስታወቱም አላዩም፤ እንዝርታቸውን ብቻ ያሾራሉ። መሸ፤ ነዳጁ ወረደ፤ መርከቧ መጣች። ዘንጉን ለቀቅሁት።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ።»

ተነሥተው ከእንስራው ውኃ ቀዱና ጠጡ።

ዕቃውን እዚያው ተውሁት። ወደ ባሌ ቤት ተመልሼ ልብሴን ሰበሰብሁ። በነጋታው በታንኳ አባቴ ቤት ገባሁ። ባሌ ሽማግሌ ላከ። ወንድሙ እማማ ደጅ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ አልሁ። አልጠየቀም። እኔም አልተመለስሁም።