የበላይነህ እከክና የወንዛዬ ፍል ውሃ

ታናሽ ወንድሜ በላይነህ ሁሉን ነገር ደራርቦ ማድረግ ይወዳል። ልጆች ሳለን እሾህ ሲወጋው ቅቤም፣ አመድም፣ የቅጠል ጭማቂም አንድ ላይ ይለጥፍበት ነበር። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሳቅ ትሞት ነበር። ለእኔ ግን ዛሬ ሳቁ አልመጣልኝም። ሚስቱ ሸዋነሽ ከሞተች ወዲህ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ።

በክረምት ለሩዝ አረም ከሠራተኞቹ ጋር አንድ ጎጆ ሲያድር ሰንብቶ እከክ ይዞ መጣ። የጣቶቹ መሀል፣ ብብቱ፣ ወገቡ ሽፍ ብሎ ሲፎክት ያድራል። ያን ሰሞን ልጁ ማስተዋል ወረታ ከተማ የመጀመሪያዋን ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበር። ልንጠይቅ ሄደን እጁን ቢዘረጋ ሕፃኑን ደረቷ ውስጥ ሸሸገችው።

«አባየ፣ እስኪሽርልዎ አይነኩትም።»

«የአያቱ እጅ ደግሞ ምን ያረገዋል?»

«ለክርስትናው ድነው ይምጡ፤ ያኔ እስኪበቃዎ ይቀፉት።»

ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። ነርሷ ለሁለታችንም የሚቀባ ሰጠችን። «ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ተቀብታችሁ እደሩ፤ የማያሳክከውም ይቀባ። ጠዋት ታጥባችሁ ልብሱንም የተኛችሁበትንም ቀቅሉት። በሳምንቱ ድገሙት» አለችን። እኔ ሳያሳክከኝ ተቀባሁ።

እሱስ? ተቀብቶ ወዲያው መኪና ተሳፍሮ ወንዛዬ፣ ፍል ውሃ ሊነከር! በማግስቱ ፊቱ ፈክቶ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ቅባቱስ?»

«ላዬ ላይ ነበር፣ እታለም።»

«ነበር! አሁንስ የት አለ?»

«ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ፊት ቅባቱ፣ በአንድ ፊት ፍል ውሃው፤ እከኩ በየት ያመልጣል?»

«ያመለጠውስ ቅባቱ ነው!»

ጋቢውንም አላስነካ አለ። «ሸዋነሽ የፈተለችው ነው፤ ብትቀቅይው ይኮማተራል» ይለኛል። የሸዋነሽ እንዝርት ሲሾር ዓይኔ ላይ መጣ፤ ቢሆንም ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማስተዋል በአባቷ አጠገብ አሳልፋ ለጎረቤቷ ሰጠችው። በላይነህ እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ ወደ ደጅ ያያል። ጋቢው ውስጥ ግን ያክካል፤ ሁላችንም እናየዋለን።

ቤት እንደገባን ውሃ ጣደ፤ ሲፈላም ጋቢውን ውስጡ ጨመረው። የቀረውን ቅባት አምጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ቀባሁት።

«ማስተዋል ሕፃኑን መቼ ታመጣልኝ ይሆን?» አለኝ።

«መጀመሪያ አንተ ከቤት ሳትወጣ እደር!» አልሁት፤ በሩንም ቀረቀርሁት።