ፎቶ ቤቱን የቆለፈው ቫይረስ

ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ባለፈው ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሽ ሙላት የሚባሉ ሰው አስጠሩኝ። ስንት ዘመን ያነሱትን የሰው ሠርግና ክርስትና ሁሉ ቫይረስ ቆልፎባቸዋል።

«ይቺ ናት!» አሉኝ፣ ጥቁር ለብሳ ጥግ የቆመችውን ሠራተኛቸውን ትርሲትን እያሳዩ። «ፊልም ስትገለብጥ አስገብታብኝ ነው። ከነገ ጀምሮ ዓይኗን ማየት አልፈልግም!»

እሷ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ኮምፒውተር ደግሞ መቼ ምን እንደተሰካበት አይረሳም። ፈልጌ አገኘሁት። ሐሙስ ጠዋት አንድ ፍላሽ ተሰክቷል፤ ቫይረሱ ፎልደር መስሎ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ከፍቶታል። የፎልደሩን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «አባዬ»።

ጋሽ ሙላት ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ለካ ሐሙስ የትርሲት አባት የተቀበሩበት ቀን ነው። ወንድሟ ከአስከሬኑ ፊት የሚያዘውን ፎቶ ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ ሲመጣ፣ «ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጠውም» ብለው ፎልደሩን የከፈቱት ራሳቸው ጋሽ ሙላት ነበሩ።

«አውቀሽ ነበር?» አሏት።

«ፍላሹ የጎረቤታችንንም ኮምፒውተር ሲያበላሽ ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ጋሼ፣ ለአባቴ ብለው ነው የከፈቱት። ምን ብዬ ልንገርዎት?»