ሠላሳ አንድ ኪሎ

የክለቡ ፊዚዮቴራፒስት ቁመቷ ከሕክምና አልጋው እምብዛም አይበልጥም፤ ድምጿ ግን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሴቶች ቡድኑን የጉልበት ጥንካሬ ስትለካ ስለኖረች በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። ደስ ይላታል። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «ሚዛን ነኝ» ነው የምትለው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ተጫዋቿ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትቀመጣለች። ሚዛን ከፊቷ ትንበረከክና ሳሙና የሚያህል መለኪያ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ አጥንቱ ላይ በሁለት እጇ ትደግፋለች። «በይ ግፊ! ግፊ እንጂ! ምን ሆነሻል፣ ቁርስ አልበላሽም?» ተጫዋቿ እግሯን ለመዘርጋት ትታገላለች፣ ሚዛን ደግሞ ላቧ ጠብ እስኪል ትመክታለች። የወጣው ቁጥር ይጻፋል። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ተጫዋች ወደ ውድድር የምትመለሰው፣ የተጎዳው እግር የጤነኛውን ዘጠና በመቶ ሲደርስ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት የተለካችው የቡድኑ አጥቂ ነበረች፤ ፍጥነቷን ያዩ ጓደኞቿ «ጥይት» ያሏት ልጅ። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ስምንት ወሯ ነው፤ እሑድ ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ አለ። ጤነኛው እግር ሠላሳ አንድ ኪሎ፣ የተጎዳው ሃያ ዘጠኝ። ዘጠና ሦስት በመቶ! ጥይት ሚዛንን ከነመለኪያዋ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ሚዛንም «መጫወት ትችላለች» ብላ ፈረመች።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ባትሪ ልትቀይርለት መለኪያውን ወደ ቤት ይዛው ሄደች። የቤት ዕቃ እየጫነ የሚያመላልሰው ባሏ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«እስቲ እኔንም ለኪኝ» አላት። «ዛሬ ፍሪጅ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ከነዚያ ልጆችሽ በምን አንሳለሁ?»

ለካችው። ሠላሳ አንድ። «ያውልሽ፣ አጥቂ ነኝ!» ብሎ ቦርጩን መታ መታ አደረገ። ይህን ሰምታ ከጓዳ ብቅ ያለችው እህቱ፣ ደረጃ ስትወጣ ሦስት ጊዜ የምታርፈዋ፣ እሷም ካልተለካሁ አለች። ግራ እግሯ ሠላሳ አንድ፣ ቀኝ እግሯም ሠላሳ አንድ።

ወንድምና እህት ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ሚዛን አልሳቀችም። ተነሥታ መለኪያውን ግድግዳው ላይ አደረገችና ባላት አቅም በሁለት እጇ ገፋችው። ሠላሳ አንድ።

ነገሩ ገባት። ደካማውን እግር በትክክል ትለካው ነበር፤ ጠንካራው እግር ግን ክንዷን ያሸንፈዋል፣ መለኪያውም ክንዷ የቻለውን ያህል ብቻ አሳይቶ ይቆማል። ሃያ ዓመት ሙሉ በብርቱ እግሮች ስም ስትጽፍ የኖረችው የገዛ ክንዷን ጉልበት ነበር። የጥይት ጤነኛ እግር እውነተኛ ልኩ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ስትነግረው ባሏ ግራ ተጋባ። «ታዲያ ለምን በእጅሽ ትይዥዋለሽ? እኔ ፍሪጁን መኪና ላይ አቅፌው አልሄድም፤ አስረዋለሁ እንጂ!» ብሎ የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶውን አመጣ። መለኪያውን ከእግሩ ጋር አድርገው፣ ቀበቶውን ከሶፋው እግር ጋር ወጥረው አሰሩት። አርባ አራት ወጣ። ሶፋውም ትንሽ ተንቋቋ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሚዛን ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። ዓይኗን በጨው ታጥባ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ጉልበቱ ሊችለው ይችላል። ባይችለውስ? ጅማቱ ዳግመኛ ከተበጠሰ ጥይት ኳስን የምታየው በቴሌቪዥን ነው። ፈራች፤ ስሟም አሳሳት።

ልምምድ ሳይጀመር ጥይትን አስጠርታ፣ መለኪያውን በቀበቶ ከአልጋው እግር ጋር አሰረችው። ጤነኛው እግር አርባ ስድስት፣ የተጎዳው ሠላሳ።

«ስልሳ አምስት በመቶ ነሽ። የሐሙሱ ስሕተት የእኔ ነው» አለች ሚዛን። «የለካሁት ክንዴን ነበር። ነገ አትጫወቺም።»

ጥይት ጫማዋን አሰረች። «እናቴ እኮ ልታየኝ እየመጣች ነው» አለችና በሩን ከኋላዋ ወርውራው ወጣች።

አሠልጣኙማ ነገሩን ሲሰማ በጩኸት ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። «ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ!» ሚዛን አልተከራከረችም፤ በእጄ ለክቼ ያሳለፍኳቸውን ሁሉ እንደገና እለካለሁ አለችው።

እሑድ ቡድኑ አንድ ለዜሮ ተሸነፈ። ጥይት ቱታዋን ለብሳ፣ ከሚዛን ሁለት ወንበር ርቃ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ተቀመጠች። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል፣

«ዘጠና በመቶ ለመድረስ ስንት ወር ይፈጅብኛል?» አለች።

«ሦስት። ካላጭበረበርሽ።»

ጥይት ዞር ብላ አየቻት። «እኔ ነኝ አጭበርባሪዋ?»

ሚዛን አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ጥይት ልትኮሳተር ሞክራ አቃታት። አሠልጣኙ በሽንፈት መሐል የሚስቁትን ሁለት ሴቶች ገላመጣቸው።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለቻት ጥይት፤ ሁለቱን ወንበር አልፋ አጠገቧ እየተቀመጠች። «እግሬን ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዲለካው አልፈልግም።»